ባለ ስድስት ጎን የታኅሣሥ መሬት

የጌሙ ሐሳብ የጓደኛዬ ነው፤ እኔ የሠራሁት መሬቱን ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ነገሩን ሳወራ የሚሰሙኝ ሰዎች ሁሉንም እኔ የሠራሁት ስለሚመስላቸው ነው።

ጓደኛዬ የሞጣ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከአያቱ ጀምሮ እዚያው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። የተዋወቅነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ ትምህርት ቤቶቻችን ለጥያቄና መልስ ውድድር ደብረ ወርቅ በላኩን ጊዜ ነበር። ሁለታችንም ተሸንፈን ምሳ ስንበላ ስልኩን አውጥቶ የሚሠራውን ጌም አሳየኝ። መሬቱ ቡናማና አረንጓዴ የተቀቡ ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች ብቻ ነበሩ።

"የመታጠቢያ ቤት ወለል ይመስላል" አልኩት።

"እንግዲያ አንተ ሳለዋ" አለኝ።

ሳልኩት። ጌሙ የሁለት ሰው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሲራራ ነጋዴ ይሆንና በቅሎና አህያ ጭኖ ከአባይ በረሃ ተነሥቶ የደጋ ገበያዎችን ያዳርሳል። ጭነቱ ሜዳ ላይ ይፈጥናል፣ እርሻ ላይ ይዘገያል፣ ገደል ላይ ተራ ይበላዋል። የጓደኛዬ አያት በወጣትነታቸው እንዲህ ይነግዱ ነበር። እሱም ጌሙን የጀመረው ከሳቸው የሰማውን መንገድ ይዞ ነው።

ካርታው እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን በተገጠሙ ቁራጮች ይሸፈናል። አንዱን ቁራጭ ንጣፍ እንለዋለን። የእርሻ፣ የሳር፣ የደን፣ የረግረግ፣ የገደል ንጣፍ አለ። ብቻውን ሲታይ እያንዳንዱ ጥሩ ነበር። ችግሩ አጠገብ ላጠገብ ሲቀመጡ ነው። እርሻው በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያልቅና ሳሩ ቀጥ ብሎ ይጀምራል። መሬት እንዲመስል ዳርና ዳሩ መቀላቀል አለበት። በጣም ከተቀላቀለ ደግሞ ተጫዋቹ በቅሎው የት እንደቆመች አያውቅም። ሥራው በሙሉ በነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን ማደብዘዝ ሞከርኩ። የእርሻው ጥቁር ቀስ እያለ ወደ ሳሩ አረንጓዴ እንዲሄድ አደረግሁ። ብዙ ደከምኩበትና ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁለት። መልሱ "ጉም ወርዷል እንዴ?" የሚል ነበር። ደግሜ ሳየው እውነቱን ነው፤ አገሩ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ያገኘነው ዘዴ ሠራ። ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት ሙሉውን ንጣፍ ሳልኩ፤ ከዚያ ሌላ ዳሩን ለብቻው፣ ከሥሩ ምንም ሳይኖር፣ የሳሩን ወይም የቁጥቋጦውን ጫፍ ብቻ ሳልኩ። ጓደኛዬ ደግሞ በኮዱ እያንዳንዱ ንጣፍ ስድስት ጎረቤቶቹን እንዲያይ አደረገ። ጎረቤቱ ከሱ በላይ የሚተኛ ዓይነት ከሆነ የጎረቤቱ ዳር እሱ ላይ ይወጣል፤ ካልሆነ አይወጣም። በዚህ መንገድ ለእርሻና ለሳር፣ ለሳርና ለደን እያልኩ ለየጥንዱ የተለየ ሥዕል መሥራት አላስፈለገኝም። ጓደኛዬ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስለሆነ ያንን ዳር "ዘርፍ" አለው፤ የሻርፕ ጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠለው ማለቱ ነው። ስሙም በዚያው ጸና።

ማን በማን ላይ ይተኛል በሚለው ግን አልተስማማንም። በስልክ እንዲህ ተባባልን፦

"እርሻው ሳሩ ላይ ይውጣ" አልኩት።

"ሳሩ ነው እንጂ እርሻው ላይ የሚወጣው። እርሻ ሲተው ማን ይወርሰዋል?"

"ካልተተወስ? በኛ በኩል በየዓመቱ አንዳንድ ትልም እየጨመሩ ግጦሹን ጨርሰውታል።"

"ይሄማ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" አለና ሳቀ።

በመጨረሻ ሳሩን ከላይ አደረግነው። ምክንያታችን የሳሩ ዘርፍ አምሮ መውጣቱ ብቻ ነበር።

አንድ ስሕተትም ሠርቼ ነበር። ሥራ ለመቀነስ ብዬ የደኑን ዘርፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳልኩና ኮዱ እያዞረ በስድስቱም ጎን እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። የዛፎቹ ጥላ አብሮ ዞረ። ጓደኛዬ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ሞጣ ላይ ስድስት ፀሐይ ወጣች" ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ስድስቱንም አቅጣጫ ለየብቻ ሣልኩ።

የምስለው ከፎቶ ነበር። ፎቶዎቹን ዓመቱን ሙሉ በስልኬ ያነሣኋቸው እኔው ነኝ። ሳሩን መስከረም ላይ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ከቢቸና ወጣ ብዬ አነሣሁ። መረሬውን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ሰኔ ላይ፣ ገና ታርሶ ዝናብ ሲያጠቁረው አነሣሁ። የታጨደውን የጤፍ ማሳ ኅዳር ማለቂያ ላይ አገኘሁት። ገደሉን ሚያዝያ ላይ የጁቤ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ አነሣሁት። ሁሉንም በሚያምርበት ጊዜ ማንሣቴ ትክክለኛ አሠራር ይመስለኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ፤ ጓደኛዬ አላለፈም። ለጥቂት ቀናት አልተጻጻፍንም። ምን እንደምለው አላወቅሁም፤ እሱም የሚያውቅልኝ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ቀን አጭር መልእክት ላከልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት ወጣቶችን ተቀብሎ እያሠለጠነ ሊያሠራ ነው፤ ውጤት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ራስህ የሠራኸው የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ማስገቢያው ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ ዓርብ ያበቃል። አባቱ ደግሞ ተናግረዋል፦ ይህ ካልሆነ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሱቅ ይገባል፤ ከገባም ላይወጣ ነው።

እኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅሁ ቤት ነበርኩ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጧት፣ ላፕቶፔን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ በስልኬ የሳር ዘርፎቹን ሳስተካክል ደብረ ወርቅን ማለፋችንንም ያወቅሁት ረዳቱ ሲጣራ ነው። በመስኮት አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

ጓደኛዬ የተቀበለኝ ሱቁ በር ላይ ነው። ከበስተኋላ፣ ከጣቃዎቹ ጀርባ፣ አንድ ጠረጴዛ አለቻቸው፤ የምንሠራው እዚያ ነበር። ሱቁን የያዘችው ታላቅ እኅቱ ናት። እሱ እቴ ይላታል፤ እኔም እቴ አልኳት።

"የቢቸናው ሠዓሊ ይሄ ነው?" አለች። "ወላሂ እኔ ሸምገል ያለ ሰው ነበር የመሰለኝ። ግባ፣ ግባ። ሻይ ይምጣላችሁ።"

ጓደኛዬ ላፕቶፑን ከፍቶ ሁለት ካርታ አሳየኝ። አንዱ የኔ ነው። ሌላው ከኢንተርኔት የወረደ፣ ማንም እንዲጠቀምበት የተፈቀደ ንጣፍ ነው። የወረደው ዳርና ዳሩ እንከን የለውም። ድንጋይ ግንብ አለው፣ ሹል ሹል ዛፍ አለው፣ ተራራው በረዶ ለብሷል።

"በረዶው ምን ያደርግልናል?" አልኩት።

"ጮቄ ላይ እናስቀምጠዋለን።"

"ጮቄ እንዲህ ነጭ ይሆናል?"

"ባሕር ዳር ያሉት ወጥተው አያዩትም።" ከዚያ ቀልዱን ተወውና "ሐሙስ እወስናለሁ" አለኝ። "ያንተን እፈልጋለሁ። ግን ያንተ የሆነ ነገሩ ልክ አይደለም። ሐሙስ እስኪሆን ልክ ካልመጣ የወረደውን እልካለሁ። አትቀየመኝ።"

አልቀየምህም አልኩት። እውነትም አልተቀየምኩም፤ ሰኞ ሱቅ የሚገባው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን ካርታዬን ባየሁት ቁጥር ልክ ያልሆነው ነገር ምን እንደሆነ ማግኘት አቃተኝ። ዘርፎቹ ተገጣጥመዋል። ጥላው ወደ አንድ ወገን ነው። የሳሩ ጫፎች እርሻው ላይ ልክ እንደታሰበው ይወጣሉ። ያም ሆኖ አንድ አገር አይመስልም፤ ከተለያየ ልብስ ተቀዶ የተሰፋ ነገር ይመስላል። አረንጓዴውን ትንሽ አደበዘዝኩት፤ ሳሩ የታመመ መሰለ። ጥቁሩን አቀላሁት፤ ጡብ መሰለ። እስከ ማምሻው ድረስ እንዲህ ስል ዋልኩ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል እቴ መጥታ ከኋላችን ቆመች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

"የቱ ጋ ነው ይሄ?"

"የትም አይደለም፣ እቴ። አገሩን እንዲመስል ነው" አልኳት።

"መቼ ነው ታዲያ?"

"እንዴት መቼ?"

በጣቷ እየነካች ቆጠረችልኝ። "እዚህ ጋ ጤፉ ታጭዷል። እዚህ ጋ ገና እየታረሰ ነው። ሳሩ ደግሞ እንደ መስከረም ጉልበት ይደርሳል፣ አበባ ሁሉ አለው። ጤፉ ከታጨደ ከብቱ ተለቋል ማለት ነው። ይሄን ሳር ያልበላው ለምንድን ነው? የናንተ ከብቶች ጾም ላይ ናቸው?"

ጓደኛዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወዲያው ስለገባኝ ነው። መስከረምን ከኅዳር፣ ኅዳርን ከሰኔ ጋር ስሰፋ ነበር የከረምኩት። ዘርፍ የቱንም ያህል ቢያምር ሁለት ወቅት አያጋጥምም። እቴ ግን ያን ያህል ነገር የተናገረች አልመሰላትም፤ ቁልፉን አንሥታ "ተነሡ፣ ልዝጋ" አለችን።

መንገድ ላይ ጓደኛዬ ቆም አለ። "ቆይ፣ አያቴኮ ክረምቱን ቤታቸው ነበር የሚከርሙት" አለኝ። "ወንዙ ሞልቶ፣ መረሬው ጭቃ ሆኖ ማን ይጭናል? ሲራራ የሚወጣው በበጋ ነው። እኛ የማይሄዱበትን አገር ነው የሠራነው።"

"ስለዚህ ሳሩ ከካርታው ይውጣ?"

"የመስከረሙ ይውጣ።"

ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻለው ያ የሳር ንጣፍ ነበር። የአደዩን አበባ አንድ በአንድ ነበር የነጠብኩት። ያም ሆኖ ተስማማሁ።

በማግስቱ ጧት ከሞጣ ወጥተን በደብረ ወርቅ በኩል ባለው መንገድ በእግራችን ሄድን። ያሰብነው ሁሉንም ነገር በአንድ ጧት፣ በአንድ ፀሐይ ለማንሣት ነው። ትናንት በሚኒባስ ሳልፍ ያላየሁትን ያኔ አየሁት። የታጨደው ማሳ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኗል፤ ከብቶች ያለ ከልካይ ተበትነውበታል። ሳሩ ደርቆ ከማሳው ብዙም አይለይም። ባሕር ዛፉ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው። እውነተኛ አረንጓዴ የነበረው ሽምብራው ብቻ ነው፤ ጤፍ በሌለበት ጥቁር መሬት ላይ፣ በቀረው እርጥበት፣ ዝቅ ብሎ በቅሏል።

አንድ አውድማ አጠገብ ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳነሣ ጤፍ የሚያበራዩ ሰውዬ መንሻቸውን ተክለው ቆሙ።

"እናንተ ልጆች፣ ከመሬት አስተዳደር ናችሁ?"

"የለም አባቴ" አልኩ። "ለጌም ነው።"

"ለምን?"

"ለጨዋታ ነው አባቴ፣ በስልክ የሚጫወቱት" አለ ጓደኛዬ።

ወደ ጭድ ክምራቸው ዞር አሉ። "ለጨዋታማ ከሆነ ክምሩንም አንሡት። ልትለኩ ከሆነ ግን አታንሡት።"

ክምሩን አነሣነው።

የቀረውን ቀንና ሐሙስን በሙሉ ሳልኩ። አዲስ ችግር ወዲያው መጣ። በታኅሣሥ ሳሩና የታጨደው ማሳ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ተጫዋቹ ሊለያቸው አይችልም። ማሳው ላይ የጭድ ክምርና የትልሙን መስመር ጨመርኩ፤ ሳሩ ላይ የከብት መንገድና ቁጥቋጦ። ያም ሆኖ በትንሽ ስልክ ላይ ይምታቱ ነበር። ነገሩን የፈታው ጓደኛዬ ነው።

"ሰብል ከተነሣ በኋላ ማሳ ውስጥ ማለፍ ይከለከላል?" አለኝ።

"አይከለከልም። ማንም ያልፋል።"

"እንግዲያ ጭነቱ ሁለቱም ላይ እኩል ይሂድ። ቢምታቱ ምን ቸገረን?"

ስለዚህ የጌሙን ሕግ ለወጠው። የታጨደ ማሳ እንደ ሜዳ ሆነ፤ የሚያዘገየው ሰብል ያለበት፣ ማለትም ሽምብራው ብቻ ሆነ። እሱን ደግሞ ማንም ከሩቅ ይለየዋል። ቀን ሙሉ አንዱ ቀለም ሲለውጥ ሌላው ኮድ ሲለውጥ ዋልን። ለገደሉ ዘርፍ ለመሳል ጊዜ አልበቃኝም። ያለ ዘርፍ፣ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ብቻ ተውኩት። የጁቤ ጫፍ ላይ ቆሜ እንዳየሁት ሜዳው ድንገት ስለሚያልቅ ብዙ አላስከፋኝም። ጊዜ ቢኖረኝ ግን እስለው ነበር።

ሐሙስ ወደ ማታ ሁለቱን ካርታ አጠገብ ላጠገብ ከፈተ። በየተራ አንዳንድ ዙር ተጫወተባቸው፤ ለራሱ ይጫወታል፣ ለኔም ይጫወታል። መጠበቁ ሲከብደኝ "የወረደው ከተሻለ የወረደውን ላክ" አልኩት። ይህን ስል እምቢ እንዲለኝ እየፈለግሁ ነበር።

"ዳሩ የሱ ይሻላል" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። "ግን ጠርተው ቢጠይቁኝስ? አህያ በረዶ ላይ ስንት ትሄዳለች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የኛ ላይ ግን የፈለጉትን ይጠይቁኝ።"

ዓርብ ጧት ኔትወርክ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ እቴ ከባንኩ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ እንደሚሠራ ሰምታ ላከችን። ደረጃው ላይ ቆመን ፋይሉ ሲሄድ እናይ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ ሦስተኛው ደረሰ። ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከተተና "በል ምሳ እንብላ" አለ። ምንም አልተቃቀፍንም። ቅዳሜ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ የኔም ጥሪ መጣና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ጓደኛዬም አባቱ እንዳሉት ሰኞ ዕለት ሱቅ ገብቶ ነበር። መልስ እስኪመጣ ድረስ ጨርቅ ሲለካ ከረመ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልነገረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ክንዴ ሜትር ሆኗል" ብሎ ጻፈልኝ።

የካቲት ውስጥ ክፍል ልገባ ስል ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። እቴ ነበረች።

"ሠዓሊው፣ እንዴት ነህ? ወንድሜ ባሕር ዳር ተጠርቶ ሄዶ ተቀበሉት። እሱ መናገር አቅቶት ነው እኔ የምነግርህ። አልሐምዱሊላህ። ሱቁን ለብቻዬ ጥሎብኝ ሄደ፣ አላህ ያሳየው።" ከኋላዋ ገበያተኛ ይሰማል። "ደግሞ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ሄዶ እየተጫወትኩ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። ይቺ በቅሎ ሽምብራው ውስጥ ገብታ፣ እንዲያ ለምልሞ፣ አንድ እንኳ ሳትነጭ ትወጣለች? ይሄ ውሸት ነው። አስተካክሉት።"

በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ስናወራ ስለ ቃለ መጠይቁ ጠየቅሁት። የጠየቁት ስለ ኮዱ ብቻ ነበር። ስለ ካርታው ማንም አላነሣም፤ ስለ አህያውና ስለ መሬቱ ያዘጋጀው መልስም ሳይጠየቅ ቀረ። ይህን ሲነግረኝ ቅር እንዳይለኝ ተጠንቅቆ ነበር። ቅር አላለኝም። የተላከው ሥራ የሱ ነው፤ የተቀበሉትም እሱን ነው።

የእቴን ጥያቄ ላክሁለት። ማታ መልሱ መጣ።

"ልክ ናት። አንድ ተራ ትቁም?"

ሁለት አልኩት። ሽምብራው የታኅሣሥ ነው፤ እሸት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።